ሲስተሙ ፀሐይን አያውቅም

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በአንድ ወረዳ የገጠር መሬት ጽሕፈት ቤት እሠራለሁ። የይዞታ መረጃው ኮምፒውተር ላይ ከገባ ወዲህ መዝገብ ማገላበጥ ቀርቷል። ስም መጻፍ ነው፣ መፈለግ ነው። ሲሠራ ደስ ይላል። መብራትም ኔትወርክም ካለ ማለቴ ነው።

አንድ የገበያ ቀን እማማ ፀሐይ መጡ። ማሳቸውን አከራይተው ውሉን ሊያስመዘግቡ ነው። አረንጓዴውን የይዞታ ደብተር ከፌስታል አውጥተው ሰጡን። የእሳቸውና የሟች ባላቸው ፎቶ አለ፣ ማኅተሙም አለ። ባልደረባዬ ስማቸውን ጻፈ። «መረጃ አልተገኘም» አለ ኮምፒውተሩ። ደግሞ ጻፈ፤ ያው ነው።

«እማማ፣ ሲስተሙ ላይ የሉም።»

«የት ሄጄ ልጄ? ግብር ስከፍልማ ታውቁኛላችሁ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ከነከነኝ። ማኅተም ያለበት ደብተር እጃችን ላይ ይዘን የምናምነው ኮምፒውተሩን ነው።

ደብተሩን ተቀብዬ አየሁት። የጻፈው ሰው የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ መሆን አለበት፤ ፀሐዩን ፀ፣ ሐመሩን ሐ አሳምሮ አስቀምጧቸዋል። ኮምፒውተር ላይ ያስገቡት ግን ሥራ የተጫናቸው ወጣቶች ናቸው፤ እጃቸው ላይ የመጣላቸውን ፊደል ይመታሉ። ስናነበው ለእኛ ሁሉም አንድ ነው። ኮምፒውተር ግን ሀን፣ ሐንና ኀን በተለያየ ቁጥር ነው የሚያውቃቸው፤ ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒውተር የፊደላት መዝገብ ላይ የተመዘገቡት ለየብቻ ነው። እስቲ አስሉት፦ ጸ እና ፀ 2 ናቸው፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ከነራብዓቸው 6። ፀሐይ የሚለውን ስም ብቻ በ12 ዓይነት መጻፍ ይቻላል። የአባት ስም ኃይሉ ሲጨመርበት ደግሞ ጉድ ነው። ፍለጋው ደግሞ ፊደል በፊደል ካልገጠመ አልተገኘም ይላል።

ስም መሞከሩን ተውኩት። በዚያ ደብተር ላይ ካርታ የለም፤ ማሳው የሚታወቀው በአዋሳኞቹ ስም ነው።

«በታች በኩል ማን ያዋስንዎታል?»

«ደመቀ።»

ደግነቱ ደመቀ ሞክሼ ፊደል የለበትም። የእሱ ማሳ ተገኘ፣ አዲሱ ካርታ ተከፈተ። ከላይ ያለውን ማሳ ስነካው «ጸሀይ» ብሎ ብቅ አለ። ውሉ በዚያው ተመዘገበ።

ከዚያ ለበላይ አካል ደብዳቤ አረቀቅን፦ ሲስተሙ ሲፈልግ ሞክሼዎቹን እንደ አንድ ይቁጠራቸው። ለፕሮግራመር ከባድ ሥራ አይደለም። ከባዱ እዚሁ ቢሯችን ነበር። መዝገብ ቤት የሚሠሩት መሪጌታ ሰምተው «ፊደል ልታጠፉ ነው?» ብለው ተነሡብን። ጎጃም ነው፤ ቅኔ ቤት ያደገ ሰው በፊደል ቀልድ አያውቅም። የተጻፈው ስም እንዳለ እንደሚቆይ፣ የሚለወጠው ፍለጋው ብቻ እንደሆነ እስክናስረዳቸው የምሳ ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ ደብዳቤውን እሳቸው ራሳቸው አረሙት፤ ሦስት የፊደል ስሕተት አግኝተውበት።

መልሱ «በሚቀጥለው ማሻሻያ ይታያል» የሚል ነው። እስከዚያው ስም ሲጠፋ አዋሳኝ እንጠይቃለን።