ያልተጠየቀ አይወራም

ቶሎ ቶሎ ሽንት፣ ከእምብርት በታች ክብደት፣ ወገብ ላይ ሕመም። ሲፕሮ የተባለው አንቲባዮቲክ ሁለት ጊዜ ተወስዷል፣ የሽንት ምርመራው ግን ንጹሕ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ «ኢንፌክሽን» ብሎ ከመጻፍ በፊት ፊኛን፣ ማህፀንንና ፊንጢጣን ከሥር የሚደግፈውን የዳሌ ወለል ጡንቻ ማሰብ ይገባል።

«ሌላ ችግር አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «የለም» ነው። ነገሩ ነውር ስለሆነ በስሙ መጥራት ያስፈልጋል፦ «ሲያስሉ ወይም ጀሪካን ሲያነሱ ሽንት ያመልጥዎታል? ወደ ታች የሚወርድ እብጠት አለ? ሰገራ ለማውጣት በእጅዎ መግፋት ያስፈልግዎታል?»

ሳሉን ፊኛ እንደሞላ ማስሞከር ነው። ሽንቱ ከሳሉ ጋር እኩል ከወጣ ድጋፉ ደክሟል፤ ጥቂት ሰከንድ ዘግይቶ ከፈሰሰ ሳሉ የቀሰቀሰው የፊኛው መኮማተር ሊሆን ይችላል። የማህፀን መውረድ ተጋድመው ሲታዩ ሊደበቅ ስለሚችል፣ ወደ ታች እየገፉ ካልታየ አስቁሞ ማየት ነው።

ጡንቻውን በብልት በኩል በጣት ስንመረምር ብዙ ጊዜ የሚዘለለው የምርመራው ሁለተኛ ግማሽ ነው። «ጨብጡ» እንላለን፣ «ልቀቁ» ማለትን እንረሳለን። እንደ ክራር አውታር ተወጥሮ የማይላላ፣ ሲነካ የሚያም ጡንቻ አለ። እንዲህ ያለ ጡንቻ ያላት ሴት በግንኙነት ጊዜ ታመማለች፣ ሆዷ ይደርቃል፣ ሽንቷ ተሟጦ አይወጣም። እሷን «ኬግል ሥሪ»፣ ማለትም ይህንኑ ጡንቻ ደጋግመሽ ጨብጪ፣ ብሎ መሸኘት፣ በእኔ ግምት፣ የዚህ ሙያ ትልቁ ስንፍና ነው፤ የተወጠረውን ይበልጥ ያስወጥራል። እሷ የሚያስፈልጋት በእርጋታ መተንፈስ፣ ማላላትና ፊዚዮቴራፒ ነው።

ለደከመው ጡንቻ ግን ኬግል ይሠራል፦ ቢያንስ 8 ጊዜ መጨበጥ፣ በቀን 3 ጊዜ፣ ለ3 ወር። የሚበላሸው ትንፋሽ ሲያዝ፣ ቂጥና ጭን ሲጨበጥ፣ ወይም ወደ ላይ በመሳብ ፈንታ ወደ ታች ሲገፋ ነው። በቃል ብቻ ተነግሯት የሄደች ሴት ልክ እንደሠራች አይታወቅም፤ በጣት ማረጋገጥ ነው።

ከከባድ ምጥ በኋላ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ የሚፈስ ሽንት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ፌስቱላ (በፊኛና በብልት መካከል የሚከፈት ቀዳዳ) መጠርጠር አለበት። ገና ትኩስ ከሆነ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ቶሎ ሲገባ አንዳንዱ ቀዳዳ በራሱ ይዘጋል። ስለዚህ ካቴተር አስገብቶ ወዲያው ሪፈር መጻፍ ነው።

ካርዱ ላይ ደግሞ «ሽንት ያመልጣታል» ብቻ አይበቃም። በቀን ስንት ጨርቅ እንደምትቀይር ይጻፍ፤ ከ3 ወር በኋላ ስትመጣ የሚነጻጸረው እሱ ነው።