ሌዘር ካርቦን ፋይበርን እንዴት ይጎዳል? ከደብረ ብርሃን የልምድ ማካፈያ

«ሌዘሩ ስንት ዋት ነው?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን የትም አያደርስም። 40 ዋት ጨረር 0.2 ሚሊሜትር ስፋት ባላት ነጥብ ላይ ሲሰበሰብ በካሬ ሴንቲሜትር 127,000 ዋት ገደማ ይሆናል። ያው ጨረር ወደ 5 ሚሊሜትር ሲሰፋ ግን 200 ዋት ቢሆን ነው። የመጀመሪያው ይበሳል፤ ሁለተኛው ውስጥ ለውስጥ ያበስላል። ስለዚህ ዋቱን፣ የነጥቡን ስፋትና ጨረሩ የቆየበትን ጊዜ አንድ ላይ መዝግቡ። አንዱ ከጎደለ የእናንተን ውጤት ከእኛው ጋር ማነጻጸር አይቻልም።

የካርቦን ፋይበር ሳህን (ጠፍጣፋ ሉህ) በረዚን፣ ማለትም በሚደርቅ ሙጫ፣ የተያያዙ የካርቦን ክሮች ንብርብር ነው። ቀድሞ የሚሸነፈው ረዚኑ ነው። ኤፖክሲ የሚባለው የተለመደው ረዚን ከ300 እስከ 400 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ይፈርሳል፤ የካርቦኑ ክር በቀጥታ ወደ ጋዝ እንዲለወጥ ግን ከ3,000 ዲግሪ በላይ ያስፈልጋል። አየር ካገኘ ከ500 ወይም 600 ዲግሪ ጀምሮ ቀስ እያለ ይቃጠላል። ሙቀት በክሩ ርዝመት ከአግድሙ ይልቅ ብዙ እጥፍ ስለሚሮጥ፣ ክሮቹ ሁሉ ባንድ አቅጣጫ በተኙበት ሳህን ላይ ክብ ጨረር ሞላላ ቁስል ይተዋል።

የሚፈርሰው ረዚን ጋዝ ይሆናል። ጋዙም እንደ እርጥብ ባሕር ዛፍ ነው፤ አንዱ ጫፍ ሲነድ በሌላው ጫፍ እየተንጣጣ ይወጣል። መውጫ ሲያጣ ንብርብሮቹን ያላቅቃቸዋል። ከላይ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ብቻ የሚታይበት ሳህን ከውስጥ ተላቆ የሚገኘው ለዚህ ነው። በመሳብ ጥንካሬው ብዙም ያልቀነሰ ሳህን በመጨመቅ ቶሎ ይሰበራል፤ ረዚኑ ደግፎ ካልያዘው ክሩ ይጎብጣልና።

የሞገድ ርዝመቱም ለውጥ ያመጣል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘርን 10.6 ማይክሮሜትር ጨረር ረዚኑም ክሩም ይውጡታል። የፋይበር ሌዘር (ጨረሩ በመስታወት ክር ውስጥ የሚፈጠር) 1.06 ማይክሮሜትር ጨረር ግን ጥርት ያለውን ኤፖክሲ አልፎ ክሩን ያግላል። ረዚኑ ከታች ስለሚነድም ከላይ ያለው ሽፋን ተፈንቅሎ ይነሳል።

በውፍረቱ በኩል ሙቀቱ በ1 ሰከንድ ከ1 ሚሊሜትር በላይ ይዘልቃል፤ ጊዜው 1,000 እጥፍ ሲያጥር ጥልቀቱ 30 እጥፍ ገደማ ያጥራል። ንጹሕ ቁርጥ የፈለገ ሰው አንዴ በዝግታ ከሚያልፍ ደጋግሞ በፍጥነት ይለፍ፤ በየመሐሉም ሳህኑ ይቀዝቀዝ። ካልቀዘቀዘ የየዙሩ ሙቀት ይደራረብና ያው እንደ ቀርፋፋው ይሆናል።

ለሙከራ 50 በ50 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር የሆነ ቁራጭ ይበቃል፤ ክብደቱ 8 ግራም ገደማ ነው። ኤፖክሲ እርጥበት ስለሚስብ በ60 ዲግሪ ለ24 ሰዓት አድርቃችሁ ሚሊግራም በሚለይ ሚዛን መዝኑ፤ ካልደረቀ የተነነው ውኃ የተቃጠለ ረዚን መስሎ ይቆጠራል። ከተኮሳችሁ በኋላ ሲቀዘቅዝ እንደገና መዝኑ፣ በሳንቲም ጠርዝም እየቆረቆራችሁ አዳምጡ። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተላቀቀው የታፈነ ነው። ቀጥሎ መሐሉን በአልማዝ ዲስክ፣ ውኃ እያፈሰሳችሁ፣ ቁረጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ረዚን ያጡት ክሮች በዲስኩ እየተነቀሉ ጉዳቱን ከልኩ በላይ ያሳያሉ። ከመቁረጣችሁ በፊት ቀለም ያለው ቀጭን ኤፖክሲ አስርጉበትና ይድረቅ። ከዚያ 240፣ 400፣ 800 እና 1,200 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በተራ፣ ሁሉንም በውኃ። 10 እጥፍ በሚያጎላ ሌንስ ስታዩት ቀለሙ የገባበት ቀጭን መስመር ሁሉ ከመቁረጡ በፊት የነበረ ስንጥቅ ነው።

የደጋው አየር የራሱ ጣጣ አለው። ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ የቀረ የማቀዝቀዣ ውኃ ከረጋ ቱቦውን ይሰነጥቀዋል፤ ማታ አፍስሱት። በ2,800 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ አይሞላም፤ ሳስቶ ያለ አየር ከፍተኛ ቮልቴጅን በደንብ ስለማያግድ የቱቦውን ሽቦ ከብረቱ ሳጥን አርቁት።

ጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ሳያናይድ ሊኖረው ይችላል፤ ብርዱ ቢከፋም መስኮት ዘግቶ መሥራት አይገባም፣ ማስወጫው ወደ ውጭ ይሁን። የካርቦን ብናኝ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና የኃይል ሳጥኑን ሸፍኑት። ተራ የፖሊካርቦኔት መነጽር 10.6ን ያስቀራል፤ 1.06ን ግን ያሳልፈዋል። ለፋይበር ሌዘር በዚያው የሞገድ ርዝመት የተለካ መነጽር ካልተገኘ ማሽኑ አይነሳ።