ፎርማት ተደርጎ ያላለቀ ላፕቶፕ

ፎርማት ማድረግ ቀላል ነው። ጣጣው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጅማ ላይ ዊንዶውስ የሚጭንልህ ልጅ አታጣም፤ ድራይቨሩን፣ ማለትም ዊንዶውስ እያንዳንዱን የላፕቶፑን ዕቃ የሚያዝበትን ፕሮግራም፣ ጨርሶ የሚያስረክብህ ግን መፈለግ አለብህ። ስክሪኑ ላይ ዊንዶውስ ብቅ ካለ "በቃ አለቀ" ነው ነገሩ።

የእህቴ ልጅ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ሲቪል ምህንድስና ትማራለች። ላፕቶፗን አንድ ሱቅ አስጭና ዛሬ ከሰዓት በዝናብ ባጃጅ ይዛ መጣች። "አጎቴ፣ ይሄ የኔ ላፕቶፕ አይመስልም" አለችኝ። እውነቷን ነው። ፊደሉ ሁሉ ገዝፏል። ድምፅ የለም። የስክሪኑ ብርሃን አይቀነስም። የዋይፋይ ምልክቱ ጭራሽ ጠፍቷል። አውቶካድን፣ የንድፍ መሥሪያ ፕሮግራሟን፣ ስትከፍት ደግሞ ሥዕሉ እየተንቀረፈፈ ነው የሚከተላት፤ ሰኞ የምታስረክበው ፕሮጀክት አለባት።

የተበላሸ ነገር የለም። ዊንዶውስ አዲስ ሲጫን የግራፊክስ ቺፑን ድራይቨር ካላገኘ፣ የትኛውም ማሽን ላይ የሚሠራ መጠባበቂያ ድራይቨር ይጠቀማል። መጠባበቂያው ምስል ያሳያል እንጂ ብዙም አይረባም። ቺፑ ሥራ ፈትቶ ይቀመጥና ሸክሙ ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። አውቶካዱም ያቃሰተው ለዚሁ ነው።

የላፕቶፑን ዕቃዎች የሚዘረዝረውን ዲቫይስ ማናጀርን ስከፍት ቢጫ ሦስት ማዕዘን ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። አንዱን ተጭነን ገባን፤ ኮድ 28 ይላል። ድራይቨር አልተጫነለትም ማለት ነው። "ታዲያ ከኢንተርኔት አናወርደውም?" አለች። በምን ዋይፋይ? የዋይፋዩ ድራይቨር ራሱ ነው የጠፋው።

መፍትሔው ኪሷ ውስጥ ነበር። አንድሮይድ ስልኳን በገመድ ሰክተን የስልኩን ኢንተርኔት በገመድ የሚያካፍለውን ዩኤስቢ ቴዘሪንግ አበራን። ዊንዶውስ 10 ስልኩን እንደ ኔትወርክ ካርድ ተቀብሎ ኢንተርኔት ሰጠን። ገመዱ ግን ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ዓይነት ከሆነ እስኪነጋ ብትጠብቅ ስልኩን አያየውም። የሷም ገመድ እንደዚያ ሆኖ በኔ ቀየርነው።

ዊንዶውስ አፕዴት ዋይፋዩንና ድምፁን አመጣ። ግራፊክሱን ግን ከአምራቹ ገጽ በላፕቶፑ ሞዴል ፈልጌ ማውረድ መረጥኩ። መቶዎችን ሜጋባይት ስለሚበላ የሌሊት ፓኬጅ ጠበቅን። እስከዚያ እህቴ ቡና አፈላች።

ሱቆቹ የሚይዙትን ያን ሁሉን አቀፍ የድራይቨር ጥቅል አልወደውም። ግዙፍ ነው፤ ሁሉን በአንድ ጠቅታ እጭናለሁ ይላል። ካልተጠነቀቅክ ያልጠየቅከውን ብራውዘርና "ማጽጃ" ፕሮግራም ጨምሮ ይጭንልሃል። ማሽኑ የጎደለውን ራሱ እየነገረህ ምን ያስገምትሃል? ቢጫው ያለበትን ዕቃ ፕሮፐርቲስ ክፈት፣ ዲቴይልስ ውስጥ ሃርድዌር አይዲ የሚለውን ምረጥ። ቬን (VEN) ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቁጥር የቺፑን ሠሪ ይነግርሃል። 8086 ከሆነ ኢንቴል ነው፤ ኩባንያው በ1978 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፕሮሰሰር ስም መሆኑ ነው። 1002 ከሆነ ኤኤምዲ። ቀጥሎ ያለው ዴቭ (DEV) የሚለው ደግሞ የትኛው ቺፕ እንደሆነ ይለያል። "ሲምፕል ኮሚዩኒኬሽንስ ኮንትሮለር" የሚል ዕቃ አይታ ሞደም መስሏት ነበር፤ ቁጥሩ 8086 ሆነ፣ የኢንቴል ማኔጅመንት ኢንጂን የሚባለው አብሮ የተሠራ ትንሽ መቆጣጠሪያ ነው። ከዚያ በኋላ ማውዙን ቀማችኝና ራሷ ታነብ ጀመር።

መሀል ላይ "ካልቀረ ለምን 11ን አንጭንም?" አለች። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ማብቃቱን ሰምታለች። ግን ፕሮሰሰሯ ስድስተኛ ትውልድ ነው፤ 11 ከኢንቴል በኩል የሚጠይቀው በአብዛኛው ከስምንተኛው ጀምሮ ነው። ለጊዜው ባለው ትሥራ።

ግራፊክሱ ሲጫን ስክሪኑ አንዴ ጠቆር ብሎ ተመለሰ፣ ፊደሉም ልኩን ያዘ። የተጫኑትን ድራይቨሮች በዊንዶውስ በራሱ ትእዛዝ ፍላሽ ላይ ገለበጥንላት። አሁን "አንኖውን ዲቫይስ" የሚል አንድ ቢጫ ብቻ ቀረ። አይዲው ኤችፒኪው (HPQ) ብሎ ይጀምራል፤ የኤችፒ የራሱ ዕቃ ነው። ሱቁ ይህን አውቆ የተወው ይመስለኛል፣ ያለሱም ማሽኑ ይሠራልና። ፈልገን ስናገኘው እንቅስቃሴ የሚለካ ሴንሰር ሆነ። ላፕቶፑ ሊወድቅ ሲል ወይም ሲንገጫገጭ፣ የሃርድ ዲስኩ ማንበቢያ ዲስኩን እንዳይጭረው ገለል ያደርገዋል። የሚሽከረከር ነገር የሌለው ኤስኤስዲ ቢሆን እንተወው ነበር። የሷ ግን የሚሽከረከረው ዓይነት ነው፤ ለዚያውም በየቀኑ ኮብልስቶን ላይ በባጃጅ ይንገጫገጫል። ጫንነው።

"እውነት ይሠራል?" ብላ ላፕቶፑን ብድግ አደረገችው። የሃርድ ዲስኩ መብራት ወደ ብርቱካናማ ተቀየረ፤ ማንበቢያው ገለል ብሏል ማለት ነው። ሳቀች። አስቀመጠችው፣ እንደገና አነሳችው፣ እንደገና።

"ተይ አንቺ! ዲስኩን ልትገድይው ነው?"