ጊዜው ያለፈበት ይግባኝ እንዴት እንደተፈቀደልን

እናቴ የእርሻ ድንበር ክርክሯን በወረዳ ፍርድ ቤት በተረታች ሰሞን እግሯ ተሰብሮ አልጋ ያዘች። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለይግባኝ የሚሰጠው 60 ቀን በሆስፒታልና በጠበል መካከል አለቀ። በምርኩዝ መሄድ ስትችል ውክልና ሰጠችኝና ይግባኙ ወደሚቀርብበት ፍርድ ቤት፣ ወደ ደብረ ማርቆስ ሄድሁ። መዝገብ የሚቀበለው ሬጅስትራር የይግባኝ ቅሬታውን አገላብጦ፣ «ጊዜው አልፏል፤ በ10 ቀን ውስጥ ማስፈቀጃ አቅርብ» አለኝ። ማስፈቀጃ ማለት ጊዜው ያለፈበትን ይግባኝ ለማቅረብ ፈቃድ የሚጠየቅበት ማመልከቻ ነው። አልተከፋሁበትም፤ ጊዜው ቢያልፍም ይግባኙ ይቅረብ ብሎ መፍቀድ የሚችለው ዳኛ ብቻ ነው።

የፍርድ ቤቱ አጥር ሥር የሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ «ጧሪ ቀባሪ የሌላት ባልቴት» ብሎ ጀመረ። ጧሪዋ አጠገቡ ቆሜ! ቀጥሎ የድንበሩን ግራር ማን እንደተከለ ሊተርክ ሲል አስቆምሁት። የግራሩ ነገር የይግባኙ ነው። ማስፈቀጃው የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ነው፦ በጊዜው እንዳትቀርብ ምን አገዳት? ስለዚህ ከፍርዱ ቀን ጀምሮ የት እንደነበረች በቀን ቅደም ተከተል አስጻፍሁ።

ችግሩ ማስረጃው ላይ ነበር። የሆስፒታሉ ወረቀት የሚሸፍነው የተኛችበትንና ዕረፍት የታዘዘላትን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ጠበል ነበረች፤ ጠበሉ ደግሞ ማኅተም አይመታም። ሁለት ዓይነት ማስረጃ ከሌለን መካከሉ ባዶ ሊቀር ነው፤ ስለዚህ በቃሬዛ ተሸክመው የወሰዷትን ጎረቤቶች ለምስክርነት ቆጠርሁ፣ እኔም ቃለ መሐላ አያያዝሁ።

በችሎት የቀረበልኝ ጥያቄ ግን ስለ እግሯ አልነበረም። «አንተ ወኪል የሆንኸው መቼ ነው?» አሉኝ ዳኛው። ለምን እንደጠየቁ ገባኝ፤ በዚሁ የሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 326 መሠረት ጊዜው ያለፈው በወኪል ወይም በጠበቃ ጥፋት ከሆነ በቂ ምክንያት አይባልም። ቀድማ ወክላኝ ቢሆን ኖሮ የእሷ ስብራት እኔን ከመንገድ አያስቀረኝም ነበር። የውክልናውን ቀን አሳየሁ፤ ከ60ው ቀን በኋላ ነው። «ከዚያስ ወዲያ ምን አስቆየህ?» አሉ። በማግሥቱ መዝገብ ቤት መቅረቤን የሚያሳየውን ወረቀት ሰጠኋቸው። እኔ እንደሚመስለኝ ሚዛኑን ያጋደለው ይኸኛው ነው፤ ሕመሟን የሚያምን ዳኛ እንኳን ከዳነች በኋላ የባከነን ሳምንት በቀላሉ አያልፍም።

ፈቃዱ ተሰጠን። ይግባኙ ተመዝግቦ ለመልስ ሰጪው ጎረቤታችን መጥሪያ ወጥቷል፤ የግራሩ ክርክር ገና አልተጀመረም።