ሐሙስ ሐሙስ ውሃ አይከፈትም

የሜዳ ሆኪ የሚጫወቱበት ሰው ሠራሽ ሜዳ ከጨዋታ በፊት ውሃ ይጠጣል። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው የለም። በቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የስፖርት ሜዳዎች ክፍል ስቀጠር የሚጠብቀኝ ሣር ማጨድና መስመር መቀባት መስሎኝ ነበር፤ የተሰጠኝ ግን የፓምፕ ቤት ቁልፍ ነው። ያ ምንጣፍ የመሰለ ሣር ሲደርቅ ኳሷን ይይዛታል፣ ያነጥራታል፤ የወደቀች ተጫዋች ጉልበት ይላጣል። ሲረጥብ ኳሷ መሬት ለመሬት ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ ጨዋታውም ይፈጥናል። ስለዚህ በሜዳው ዙሪያ የተተከሉት ትልልቅ የውሃ መርጫዎች ከጨዋታ በፊት ይከፈታሉ፣ በእረፍት ሰዓትም ይደገማል።

ጨዋታውን መጀመሪያ ሳየው «ይህማ የእኛው ገና ነው» አልኩ። ጫፉ የቆለመመ ዱላ፣ ጠንካራ ኳስ፣ ግርግር። እነዚህኞቹ ግን ሕግ አብዝተውበታል፤ ኳስ የሚመታው በዱላው ጠፍጣፋ ጎን ብቻ ነው፣ ግብ የሚቆጠረውም ከግቡ ፊት ካለው ግማሽ ክብ ውስጥ ሲመታ ነው። ሌላው የገረመኝ ተጫዋቾቹ ሁሉ ሴቶች መሆናቸው ነበር። በሕንድና በፓኪስታን ወንዶች ስም ያተረፉበት ጨዋታ በአሜሪካ ኮሌጆች የሴቶች ነው። ወደ አገሪቱ ያመጣችው ኮንስታንስ አፕልቢ የምትባል እንግሊዛዊት ስትሆን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1901 ማስተማር የጀመረችውም ሴቶችን ነበር።

ሥራ በጀመርኩበት ዕለት ኃላፊዬ ካስጠነቀቀኝ ነገሮች አንዱ «ሐሙስ ሐሙስ ውሃ አይከፈትም» የሚል ነው። የውሃ ሒሳብ ለመቆጠብ መሰለኝ። ሳጣራ ግን ትእዛዙ የመጣው ከአሠልጣኟ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ልጆቹ በደረቅ ሜዳ ይለማመዳሉ፤ ኳሷ እየነጠረች ከዱላቸው ስታመልጥ ይነጫነጫሉ፣ ጉልበታቸውን እየዳበሱም ወደ እኔ ያፈጣሉ፤ ቧንቧውን በክፋት የዘጋሁት ይመስል።

አሠልጣኟ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የተጠጋ፣ ድምፃቸውን ከፍ ማድረግ የማይወዱ ሴት ናቸው። የጨዋታ ቀን የፓምፑን ቤት ስከፍት እርሳቸው ቀድመውኝ ሜዳው ላይ ይገኛሉ። ውሃው ከተረጨ በኋላ ቁጢጥ ብለው መዳፋቸውን ሣሩ ላይ ጫን ያደርጋሉ፤ አንሥተው ያዩትና «ሁለት ደቂቃ ጨምር» ወይም «ይበቃል» ይላሉ። ቢሯቸው ያለው የዋንጫ መደርደሪያ ሞልቶ ትርፉ ወለል ላይ ተቀምጧል፤ አንዱን ዋንጫ በር ማስደገፊያ አድርገውታል።

አንድ ሐሙስ ደፍሬ ምክንያቱን ጠየቅኋቸው። በቀጥታ አልመለሱልኝም፤ የ1984ቱን የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ አነሡ። የአሜሪካ ሴቶች ቡድን ጨዋታዎቹን ጨርሶ ከተመልካች ጋር ተቀምጧል። ሆላንድ አውስትራሊያን ስታሸንፍ አሜሪካና አውስትራሊያ በነጥብም በግብ ልዩነትም እኩል ሆኑ። ነሐሱን ማን ይውሰድ? ተመልካች ሆነው የተቀመጡት ልጆች ወርደው የመለያ ምት እንዲመቱ ተነገራቸው፤ 10 ለ 5 አሸነፉ። «የሚመቻቸው ሰዓት ቢጠብቁ ኖሮ ሜዳሊያው አይኖርም ነበር» አሉኝና ወደ ልምምዳቸው ተመለሱ።

በዚያ ቡድን የተጫወቱ ሁለት ሴቶች የዚህን አገር የኮሌጅ ሆኪ ለብዙ ዓመት ተቆጣጥረውታል። ቤት አንደርስ ኦልድ ዶሚኒየን ዩኒቨርሲቲን ለ9 ብሔራዊ ዋንጫ አበቁ። ካረን ሼልተን ደግሞ ቻፕል ሂል በሚገኘው የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ከ1981 ጀምሮ 42 የውድድር ዘመን ሠርተው 745 ጨዋታ አሸንፈዋል፤ ዋንጫቸው 10 ነው። እኔን ከዚህ ሁሉ ቁጥር የሚገርመኝ የመጀመሪያው ዋንጫ የመጣው በ1989 መሆኑ ነው። ስምንት ዓመት ታገሡ፣ የቀጠራቸውም ዩኒቨርሲቲ ታገሣቸው። ዛሬ እንዲህ ያለ አሠሪ ቢገኝ እኔም ማመልከቻ አስገባ ነበር። በ2021 ደግሞ በተከታታይ ሦስት ዋንጫ ያነሣው ቡድናቸው ገና በብሔራዊው ውድድር የመጀመሪያ ዙር በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተሸንፎ ወጣ። በማግሥቱ ዓመት አንድም ጨዋታ ሳይሸነፉ ያንኑ ኖርዝዌስተርንን በፍጻሜው 2 ለ 1 ረቱና ጡረታ ወጡ። ቦታቸውን የተረከበችው በዚያ ፍጻሜ የማሸነፊያዋን ግብ ያገባችው ኤሪን ማትሰን ናት፤ ያኔ ዕድሜዋ 22 ነበር። በእኛ መሥሪያ ቤቶች ቢሆን መጀመሪያ ፎቶ ኮፒ እንድታነሣ ይላኳት ነበር። እርሷ ግን በ2023 በሼልተን ስም በተሰየመው ሜዳ ላይ ዋንጫውን ወሰደች።

ይህን የማትሰንን ታሪክ ሌት ተቀን የምታነሣው የእኛ ምክትል አሠልጣኝ ነበረች። ሥራ ወዳድ፣ ቁጡ፣ ቶሎ ዋና መሆን የምትፈልግ ወጣት። አልፈርድባትም።

ወደ ገጠመኙ ልምጣ። ኅዳር ውስጥ ነው፤ የሊጉ የመጨረሻ ጨዋታ። ያሸነፈ ወደ ማጠቃለያው ውድድር ያልፋል፣ የተሸነፈ ዓመቱን በዚያው ያበቃል። እንግዳው ቡድን በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ተጉዞ መጥቷል። ውሃውን ስከፍት በደቡብ በኩል ያሉት መርጫዎች እንደ ወትሮው ተነሡ፤ የሰሜኖቹ ሁለት ጊዜ አስነጠሱና ቆሙ። የግፊት መለኪያው ቀስት ወደ ታች ወረደ። ምክንያቱ ወዲያው ገባኝ። የውሃው ታንከር ክዳን ከተሰበረ ቆይቷል፤ አዲስ እንዲገዛ ኃላፊዬ በመስከረም ጠይቀው ጥያቄው ግዢ ክፍል ተኝቷል። በመፀው ደግሞ አጠገቡ ያለው የባሉጥ ዛፍ ቅጠሉን ሁሉ እዚያ ያራግፋል።

ዳኞቹ ሜዳውን ዞረው አዩ። ግማሹ ርጥብ፣ ግማሹ ደረቅ ቢሆንም አደገኛ አይደለም፣ በሰዓቱ መጀመር ይቻላል፤ ሁለቱ አሠልጣኞች ከተስማሙ ግን መዘግየት ይቻላል አሉ። የእንግዳው ቡድን አሠልጣኝ ፊቷ ጠቆረ። የእነርሱ ጨዋታ ፈጣን የመሬት ቅብብል ነው፤ ደረቅ ሣር ላይ ዋጋ የለውም።

የእኛ ምክትል ግን ደስታዋን መደበቅ አቃታት። አሠልጣኟን ክንዳቸውን ይዛ «ስንት ሐሙስ የለፋነው ለዚህ ቀን አይደለም እንዴ?» አለቻቸው። እኔም በልቤ ትክክል ናት ብያለሁ። እነዚያ ልጆች ጉልበታቸው ስንቴ እንደ ተላጠ አይቻለሁና።

አሠልጣኟ ወደ እኔ ዞሩ። «ስንት ደቂቃ ትፈልጋለህ?»

«አርባ» አልኳቸው።

ለዳኞቹ «ባለሜዳው አርባ ደቂቃ ይጠይቃል» አሉ። የእንግዳው ቡድን አሠልጣኝ ንግግራቸው እስኪያልቅ እንኳ አልጠበቀችም፤ ተስማማች።

ከዚያ በኋላ ያለው የመፍቻና የብሎን ነገር ነው። ፓምፑን አጠፋን፣ ቧንቧውን ዘጋን፣ የማጣሪያውን ክዳን ስምንት ብሎኖች ፈታን። ኃላፊዬ ባትሪ ያበራሉ፣ እኔ እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ እዝቃለሁ። የወጣው ቅጠል አይባልም፤ ጠቁሮ፣ ተላቁጦ፣ እንደ ጭቃ ሆኗል። ውሃው ቀዝቃዛ በመሆኑ ጣቶቼ ብሎኑን እስኪስቱ ደነዘዙ። ማጣሪያውን አጥበን ከመለስን በኋላም ፓምፑ አየር ስቦ አልነሣ አለ፤ በባልዲ ውሃ ሞልተንበት አየሩን አስወጣንና እንደገና አስነሣነው። የሰሜኖቹ መርጫዎች ሲነሡ ጭብጨባው የመጣው ከእንግዳው ቡድን ወንበር ነበር። አሠልጣኟ ሄደው ቁጢጥ አሉ፣ መዳፋቸውን አዩ፣ «ይበቃል» አሉ።

ጨዋታው አንድ ለአንድ አለቀ። በኮሌጅ ሕግ በጭማሪው ሰዓት ከየቡድኑ ሰባት ሰባት ተጫዋች ብቻ ይቀራል፤ ቀድሞ ያገባም ጨዋታውን ይጨርሳል። ሜዳው ባዶ ሲሆን ሯጭ ይጠቅመዋል፣ እንግዶቹም ሯጮች ናቸው። ኳሷ ያለ አንዳች ንጥረት፣ እኔ ባጠጣሁት በሰሜኑ በኩል ተንሸራታ ግብ ጠባቂያችን እግር ሥር ገባች። አሸነፉን።

ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ተጠራ፤ እኔና ኃላፊዬም ስለ ፓምፑ እንድናስረዳ ተጠርተን ነበር። የስፖርት ክፍሉ አለቃ «ዳኞቹ ጀምሩ እያሉ አንቺ ለምን አዘገየሽ?» ብለው ጠየቋቸው። ምክትሏ ወለሉን ታያለች። አሠልጣኟ «ሜዳ ማጠጣት የባለሜዳው ግዴታ ነው። የእኔ ፓምፕ ስለ ተበላሸ ሦስት ሰዓት የተጓዙ ልጆች አይቀጡም» አሉ። ቀጥለው ከቦርሳቸው የመስከረሙን የግዢ ጥያቄ ቅጂ አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ከየት እንዳገኙት እስከ ዛሬ አላውቅም። ስብሰባው ከዚያ ወዲያ ስለ ሆኪ መሆኑ ቀረ። ክዳኑ በዚያው ሳምንት ተገዛ።

እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ያለው አማቼ ይህን ስነግረው ይናደዳል። «ዳኛ ከፈቀደ ምን ቤት ናት? አንድ ዓመት የለፉ የራሷ ልጆችስ?» ይላል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ከአራተኛ ዓመቶቹ አንዷ ያን ዕለት ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ማሊያዋን ሳታወልቅ ስታለቅስ ሰምቻለሁ፤ ለእርሷ ሌላ ዓመት የለም። እኔ አሠልጣኟን እደግፋለሁ፤ ቢሆንም ልጅቷ ፊት ቆሜ ይህን ለመናገር ድፍረቱ ይኑረኝ አይኑረኝ እንጃ።

ምክትሏ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ኮሌጅ ዋና አሠልጣኝ ሆና ሄደች። ነሐሴ ላይ ልምምድ ሊጀምሩ ሲሉ ደወለችልኝ። የሜዳ ሠራተኞቿ ሐሙስ ሐሙስ ውሃ አትክፈቱ ስትላቸው እንደ ተሳለቁባት ነገረችኝና እንዴት ብላ ብታስረዳቸው እንደሚሻል ጠየቀችኝ። እኔ መጀመሪያ የጠየቅኋት ታንከራቸው ክዳን እንዳለው ነው። ሄዳ ልታይ ስልኩን ዘጋች።