ሐምሌን ከዝናብ ለመስረቅ

የባለቤቴ እቁብ ሰኔ መግቢያ ላይ ወጣላት። ምን እናድርግበት ብዬ ስጠይቃት እኔ በልቤ የማድ ቤቱን ጣሪያ እያሰብኩ ነበር። እሷ ግን መልሱን አዘጋጅታ ኖሯል፦ “ባሕር ዳር ቁጭ ማለት እፈልጋለሁ።” ስለ ጣና ማውራት ጀመርኩ። “ከተማውን አላልኩም፤ የጨው ባሕር ዳር” ብላ አቋረጠችኝ።

ቅዳሜ ሰኔ 7 ጠዋት ልጆቹን ለእናቴ ትተን ፒያሳ ወጣን። ሁለት ልጆች ባሉበት ቤት ስለ ዕረፍት መመካከር አይቻልም። ቶሞካ ገብተን እንደ ቤቱ ልማድ ቆመን ጠጣን፤ የሐዋርያት ጾም ስለሆነ ማኪያቶው ቀርቶ ጥቁር ቡና። ማስታወሻ ደብተሬን ከፈትኩ። ሰው ሁሉ የሚያውቅልኝ ጠባይ ነው፤ ለሠርግ ጥሪ እንኳ ዝርዝር አወጣለሁ።

ጣናን እንደገና አነሳሁ፤ አልሠራም። በአማርኛ “ደሴት” ሲባል ቀድሞ የሚታየን ገዳም ነው፤ ክብራን ገብርኤልም ዳጋ እስጢፋኖስም ሴት አያስገቡም። “አንተ ስትሳለም እኔ ጀልባው ላይ ልጠብቅህ ነው?” አለችኝ። የዝዋዩ ቱሉ ጉዶ ቅርብ ነው፤ ግን ሐምሌ ላይ እዚያም ይዘንባል፤ እሷ የምትሸሸው ደግሞ ዝናቡን ነው። ስለዚህ የቀረን በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ያለው የታንዛኒያ ደሴት፣ ዛንዚባር ነው።

የዛንዚባር ነገር ደስ የሚለው እዚህ ላይ ነው። ፈረንጆች በታኅሣሥና በጥር ከበረዶአቸው ሸሽተው ወደ ደሴቱ ይጎርፋሉ፤ እነሱ ክረምት የሚሉት ለእኛ በጋ ነው። የእኛ ክረምት ግን ለዛንዚባር ደረቅ ወቅት ነው። ከባዱ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ወርዶ ያበቃል፤ ከዚያ ኩሲ የሚሉት የደቡብ ነፋስ ይነሳና አየሩን ቀዝቀዝ፣ ሰማዩን ጠራ ያደርገዋል። እኛ ጭቃ ስንረግጥ እዚያ አሸዋው ደረቅ ነው። ከቦሌ በቀጥታ ለሚበር ሦስት ሰዓት አይሞላም።

ቀኑን የቆረጠልን ግን ነፋሱ ሳይሆን ጾሙ ነው። ባለቤቴ ፍልሰታን አትሽርም፤ እኔ ደግሞ በውቅያኖስ ተከብቤ ሽሮ ስመኝ መዋል አልፈልግም። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። በመካከሉ 26 ቀን አለ። ሐምሌ 12 ሄደን ሐምሌ 18 እንመለስ ተባባልን።

ቸርችልን ይዘን ቁልቁል ወረድንና ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ወዳለ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ገባን። ያስተናገደችን ልጅ ዛንዚባርን ታውቀዋለች። እኔ መመዝገብ ጀመርኩ፦ እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ መዝገብ የገባው አሮጌው ከተማ ስቶን ታውን፣ እ.ኤ.አ. በ1873 የተዘጋው የባሪያ ገበያና በቦታው የተሠራው ካቴድራል፣ የጆዛኒ ጫካ ጦጣዎች፣ ግዙፎቹ ኤሊዎች፣ ሻያችን ውስጥ የምንጨምረው ቅርንፉድ የሚለቀምበት እርሻ። ባለቤቴ እስክጨርስ ታግሳ፣ “እንቅልፍ የምንተኛው በየትኛው ቀን ነው?” አለች። ልጅቷ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች።

ከዚያ ስለ ውሃው ነገረችን። እኛ የሐይቅ ሰዎች ነን፤ ላንጋኖ ጠዋት ባየነው ቦታ ማታም አለ። እዚያ ግን ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ወይም አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ እስከ 4 ሜትር ይደርሳል። በምሥራቁ ዳርቻ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ፣ ውሃው በጣም ርቆ ስለሚሄድ ለመዋኘት ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ በሰሜን፣ በኑንግዊና በኬንድዋ፣ ቀኑን ሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ይዋኛል። እኔ ወዲያው “ኑንግዊ” ብዬ ጻፍኩ። ገንዘብ የከፈልኩበት ባሕር ጥሎኝ ሲሄድ ቆሜ ማየት አይሆንልኝም።

“ውሃው ሲሸሽ እዚያ ያሉት ሰዎች ምን ይሠራሉ?” ብላ ጠየቀች ባለቤቴ። ሴቶቹ ወደ ተገለጠው ወለል ወርደው በገመድ ያሰሩትን የባሕር ሣር ይለቅማሉ፤ ያደርቁትና ይሸጡታል። “እኛስ?” ስትል ልጅቷ ትከሻዋን ነቀነቀች፦ “ምንም።” “እንግዲያው ጃምቢያኒ ይሁን” አለች። ገንዘቡ የእቁቧ ነውና ኑንግዊን ሰረዝኩ።

አንድ የተጽናናሁበት ነገር አለ፤ ስዋሂሊዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛ ነው። “ሳ ሞጃ” ማለት አንድ ሰዓት፣ ጠዋት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለው የእኛው አንድ ሰዓት። አስጎብኚ “ሁለት ሰዓት ላይ” ሲለኝ ጣቴን መቁጠር አይኖርብኝም።

የቀረው ወረቀት ነው። ደሴቱ የውጭ ጎብኚ የዛንዚባርን የጉዞ መድን እንዲገዛ ያስገድዳል፤ ለአዋቂ 44 ዶላር ነው፣ ለሁለታችን 88። ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ከሐምሌ 2 ማለፍ የለብንም። ዶላር ልንጠይቅ የገባንበት ባንክ ደግሞ ቪዛና ቲኬት ይዘን እንድንመጣ ነግሮ ሸኘን። ዕረፍት ለመውጣት የሚደክሙትን ያህል ሥራ ላይ ቢደክሙ እድገት ይገኝ ነበር።

ዋናው ፖስታ ቤት አጠገብ ስንደርስ ሰማዩ ተዘረገፈ። ከሌሎች ሃያ ከሚሆኑ ሰዎች ጋር ጣሪያ ሥር ተጠጋን። ጎርፉ ቸርችልን እየጠረገ ወደ ለገሃር ሲወርድ፣ ባለቤቴ የተሰበረ ዘንግ ያላትን ጃንጥላ በግድ ትከፍታለች። እኔ ደብተሬን ኮቴ ውስጥ ሸሽጌ፣ “ቢያንስ ይህችን እዚህ ጥለናት እንሄዳለን” አልኳት።

“ለምን? ፀሐዩንስ በምን ልችለው ነው?” አለችኝ።