ሁሉም ጆንስ ዘመድ አይደለም፤ የዌልስን የአባት ሐረግ በዘረመል መፈለግ

ዌልስ ውስጥ የአባቱን መስመር በቤተሰብ ስም ብቻ ተከትሎ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰው ብዙውን ጊዜ 18ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ይቆማል። መዝገብ ስለጠፋ ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊት የቤተሰብ ስሙ ራሱ ላይኖር ይችላል።

ዌልሾች ለዘመናት የተጠሩት እንደ እኛው በአባት ስም ነው። የሪስ ልጅ ጆን «ጆን አፕ ሪስ» ይባላል፣ የጆን ልጅ ኢቫን ደግሞ «ኢቫን አፕ ጆን»። «አፕ» ወንድ ልጅነትን ያመለክታል፤ በአናባቢ በሚጀምር ስም ፊት «አብ» ይሆናል። የእኛ አብ አባት ነው፣ የእነሱ አብ ልጅ ነው፤ ሰነድ ሲነበብ እንዳይምታታ። ለሴት «ቬርኽ» ይባላል፤ ሴቲቱ ብታገባም በአባቷ ስም መጠራቷን ልትቀጥል ትችላለች። ስለዚህ በድሮ ኑዛዜ ላይ የባሏን ስም ያልያዘችን ሴት ሚስቱ አይደለችም ብሎ ማለፍ ስህተት ነው።

በ1535 እና በ1542 (እዚህ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የወጡት ሕጎች ዌልስን በእንግሊዝ ሕግና አስተዳደር ሥር ካስገቡ በኋላ የማይለወጥ የቤተሰብ ስም ቀስ በቀስ ተስፋፋ። ባላባቶቹና በእንግሊዝ ድንበር አጠገብ ያሉት ቀደሙ፤ በሰሜን ምዕራብ ተራ ገበሬው እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ አንዳንዱም ከዚያ በኋላ፣ በአባት ስም ቆየ። ስሙ ሲረጋ «አፕ» ከአባት ስም ጋር ተጣበቀ፦ አፕ ሪስ ፕራይስ ሆነ፣ አፕ ሃወል ፓወል፣ አፕ ሃሪ ፓሪ፣ አብ ኦወን ቦወን፣ አብ ኢቫን ቤቫን። ሌሎቹ በእንግሊዝኛው ልማድ መጨረሻቸው ላይ «ስ» ጨመሩ፤ ጆንስ፣ ዊሊያምስ፣ ኢቫንስ እንዲህ መጡ። ሎይድ (ሽበታም)፣ ጎፍ (ቀይ)፣ ቮን (ታናሹ) የመሳሰሉት ደግሞ ከቅጽል ስም የመጡ ናቸው፤ እነሱም በየቦታው ለየብቻቸው የተፈጠሩ እንጂ ከአንድ ቤት የወጡ አይደሉም።

ነገሩን ለማየት አንድ ሪስን እናስብ። ጆን፣ ዴቪድና ኢቫን የሚባሉ ሦስት ልጆች አሉት። በጆን ቤት ስሙ የረጋው በልጆቹ ላይ ነው፤ ጆንስ ተባሉ። የዴቪድ ልጆች ዴቪስ ሆኑ። ኢቫን ግን ራሱ በአባቱ ስም ጸንቶ ፕራይስ ተባለ፣ ልጆቹም ፕራይስ ናቸው። ሦስት የቤተሰብ ስም፣ አንድ ዋይ ክሮሞሶም (ወንዶች ብቻ የሚይዙት የዘረመል ክፍል)። በአንጻሩ ከአጠገባቸው ያለው ሸለቆ ውስጥ የሌላ ጆን ልጆችም ጆንስ ተብለዋል፤ ከእነዚህ ጋር የአባት ዝምድና የላቸውም። እንግሊዝ ውስጥ የሚሠራው «ስሙ ከተለየ ልጅነቱ ያጠራጥራል» የሚለው አስተሳሰብ ዌልስ ላይ አይሠራም። ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ትክክለኛ ዘመዱን ከዝርዝሩ ይሰርዛል፤ የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው።

ዋይ ክሮሞሶም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ስለሚያልፍ ናሙና የሚሰጠው ወንድ መሆን አለበት። ሴት ተመራማሪ አባቷን፣ ወንድሟን፣ የአባቷን ወንድም ወይም የእሱን ወንድ ልጅ ትጠይቅ። ናሙናው ከጉንጭ ውስጠኛ ክፍል በመጥረጊያ ይወሰዳል፤ ከመውሰድ በፊት አንድ ሰዓት ያህል አለመብላትና አለመጠጣት ይሻላል።

ፋሚሊ ትሪ ዲኤንኤ የተባለው ድርጅት ምርመራውን በተደጋጋሚ ምልክቶች (በዋይ ክሮሞሶም ላይ እየተደጋገሙ የሚገኙ አጫጭር የዘረመል ክፍሎች) ብዛት ይለካል። 12 ወይም 25 ምልክት ለዌልስ ከንቱ ነው። ብዙ ዌልሳዊ ወንድ አር-ኤል21 በሚባለው ትልቅ የዋይ ክሮሞሶም የዘር ሐረግ ቅርንጫፍ ውስጥ ስለሚገኝ፣ በጥቂት ምልክት ከተመሳሰሉት ብዙዎቹ ዝምድናቸው ሺህ ዓመታት የራቀ ነው። በ37 ምልክት ጀምሩ። ድርጅቱ በ37 እስከ 4፣ በ67 እስከ 7፣ በ111 እስከ 10 ልዩነት ያላቸውን ሰዎች እንደ ተዛማጅ ያሳያል። በ37 ላይ 4 ልዩነት ያለው ሰው ግን ገና ዘመድ አይደለም፤ ሁለቱም ወደ ላይኛው ምርመራ ሲሄዱ ይጣራል። ቁርጡን የሚለየው ቢግ ዋይ-700 ነው፤ ይህ የዚያው ድርጅት ምርመራ የዋይ ክሮሞሶምን ሰፊ ክፍል አንብቦ አዲስ የዘረመል ለውጦችን ይፈልጋል። በአንድ የአባት መስመር ላይ አዲስ ለውጥ በአማካይ በ80 ዓመት አካባቢ አንድ ጊዜ ይከሰታል ተብሎ ይገመታል። ሁለት ሰዎች ከተለያዩ በኋላ እያንዳንዳቸው አራት አራት የግል ለውጥ ካላቸው፣ የጋራ አባታቸው ከእነሱ ልደት 320 ዓመት ገደማ በፊት፣ ማለትም በ1600ዎቹ፣ የኖረ ሊሆን ይችላል። ስሌቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ከመቶ ዓመት በላይ ሊስት ስለሚችል አንድን ስም ለይቶ ለመጥራት አይበቃም።

ስለዚህ የዝምድናውን ዝርዝር በስም ሳይሆን በቦታ ደርድሩት። ለእያንዳንዱ ተዛማጅ አንድ ጥያቄ ብቻ ላኩ፦ የታወቀው የመጨረሻ አባትህ በየትኛው ደብር፣ በየትኛው እርሻ ኖረ? የእርሻ ስም እዚህ ወርቅ ነው። በአንድ ደብር ውስጥ አሥር ጆን ጆንስ ሊኖር ይችላል፣ በአንድ እርሻ ላይ ግን አንድ ወይም ሁለት ነው። ፕራይስና ዴቪስ ሆነው በአጎራባች ደብር ከተገኙ፣ ስሙ የረጋበትን ትውልድ የምትፈልጉት እዚያ ነው።

ወረቀቱን ከታች ወደ ላይ ሥሩ። መንግሥታዊ ምዝገባ የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1837 ነው፤ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ የሁለቱንም ተጋቢዎች አባት ስምና ሥራ ይይዛል። የ1851 የሕዝብ ቆጠራ የትውልድ ደብርን ይጽፋል፤ የ1841ዱ አይጽፍም፣ ከ15 ዓመት በላይ የሆኑትንም ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ታች በአምስት አጠጋግቶታል። ከዚያ በላይ በአበሪስትዊዝ የሚገኘው የዌልስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከ1858 በፊት በዌልስ የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤቶች የጸደቁ ኑዛዜዎችን በነፃ በኢንተርኔት ያሳያል። ከ1752 በፊት ዓመቱ የሚጀምረው መጋቢት 25 ስለነበር፣ የካቲት 1720 ተብሎ የተጻፈ ጥምቀት በዛሬው አቆጣጠር 1721 ነው።

ገንዘብ የሚያስወጣው ጥሩ እርምጃ አንድን ሰው እስከ ጥግ መመርመር ሳይሆን፣ ከአንድ ቅድመ አያት ሁለት ወንዶች ልጆች የወረዱ ሁለት ሩቅ ዘመዶችን መመርመር ነው። ከተገጣጠሙ ወረቀቱ እስከዚያ አባት ድረስ ትክክል መሆኑን በጥብቅ ይደግፋል። ካልተገጣጠሙ በአንደኛው መስመር ላይ የሰነድ ስህተት፣ የእንጀራ አባት፣ ጉዲፈቻ ወይም ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ሊኖር ይችላል፤ የትኛው መስመር እንደሆነ ለማወቅ ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል። ናሙና ከመውሰዳችሁ በፊት ይህ ሊወጣ እንደሚችል ለዘመዶቻችሁ ንገሯቸው።

አር-ኤል21 በአየርላንድ፣ በስኮትላንድና በፈረንሳይዋ ብሪታኒም በብዛት አለ፤ ስለዚህ እሱ ብቻውን የዌልስ ማስረጃ አይሆንም። ከመካከለኛው ዘመን መሳፍንት እንወርዳለን የሚሉ የዘር መዝገቦችም በዋይ ክሮሞሶም የሚፈተኑት በአንድ መንገድ ብቻ ነው፦ ከዚያው መስፍን መውረዳቸውን በተለያዩ ልጆቹ በኩል በሰነድ የሚያሳዩ ሁለት ቤቶች ቢግ ዋይ ተመርምረው አንድ ቅርንጫፍ ላይ ሲገናኙ፣ ቅርንጫፉም በመስፍኑ ዘመን ሲያርፍ።